ኦርጅናል ዕቃ ይከብዳል

በዚህ አገር ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ሽማግሌ ሳይልክ ሚስት ያገባ፣ መሐንዲስ ሳያማክር ቤት የሠራ ሞልቷል፤ ዕቃ አዋቂ ሳይዝ ፍሪጅ የገዛ ግን አንድ ሰው አሳዩን። ካለም ዘመድ የሌለው፣ ከጎረቤት የተጣላ ሰው መሆን አለበት።

ዕቃ አዋቂ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አይሾምም፣ አይመረጥም። ብቻ አንድ ቀን አንድ ሰው ሬዲዮ ሊገዛ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለ እርሱ ቡራኬ ወደ ሰፈሩ ማንቆርቆሪያ አይገባም።

የሐይቅ ዳር ሰፈር ሊቀ ዕቃ ክቡር ጋሽ ሽበሺ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ዛሬም ሱቅ ሲገቡ ለቆጠራ የመጡ ይመስላሉ፣ ሻጩም ሳያስበው ብድግ ይላል። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው «ኦርጅናል ዕቃ ይከብዳል!» የሚል ነው። በዚህ ሕግ ስልክም ይሁን ካውያ፣ ብርድ ልብስም ቢሆን በክንድ ከፍ ዝቅ ተደርጎ ይመዘናል። ሁለተኛው «ፊት ለፊትማ ሁሉም ያምራል!» ነው፤ ስለዚህ ዕቃ የሚታየው ከጎን፣ ከሥርና ከኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ለጎረቤት ፍራሽ ሊመርጡ ሄደው ጋደም ብለው ሲሞክሩት እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ባለሱቁ ሊቀሰቅሳቸው ሲል ገዢው «ተዋቸው፣ እየመረመሩ ነው» አለው። ጎረቤታቸው ከድር ደግሞ ሚስቱ ያዘዘችውን አረንጓዴ ሶፋ እንዲመርጡለት ይዟቸው ሄደ። እርሳቸው አንዱን ቀይ ሶፋ መታ መታ አድርገው «አረንጓዴማ ይሄ ነው!» አሉት። ከድር ሰምና ወርቅ መሰለው፤ ቀዩን ገዝቶ ገባ። ሚስቱ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ሰነበተች፣ እርሱ ግን እስካሁን ወርቁን እየፈለገ ነው።

እንግዲህ ሊድያ ለሙያዋ የሚሆን ሞኒተር ልትገዛ የወጣችው እኚህን ሰው ይዛ ነው።

ሊድያ የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። ዘንድሮ «ሊድያ ፎቶ» የሚል ሰሌዳ ከሰቀለች ወዲህ የመጣላት ትልቁ ሥራ የወይዘሮ ብርቅዬ ልጅ የሀሴት ሠርግ ነበር። ፎቶዎቹን ያስተካከለችው በአሮጌ ላፕቶፗ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ሰውን ሁሉ ብርድ እንደመታው ሰማያዊ አድርጎ ያሳያታል፤ እሷም እውነት መስሏት ቀይ ጨመር፣ ሞቅ ሞቅ እያደረገች ሠራች። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ሙሽራዋ በርበሬ መስላ ቁጭ አለች።

ወይዘሮ ብርቅዬ ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት።

«ይቺ ማን ናት?»

«ሀሴት ናት፣ እማማ።»

«የኔ ልጅ ጠይም ናት። ጠይምነቷንም ከእናቴ ነው የወሰደችው። ቀይ አድርጊልኝ ብዬሻለሁ?»

ሊድያ አልበሙን ወደ ራሷ ሳበችው። ደንበኛ ሁሉ «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» እያለ በሚለምንበት ከተማ፣ ቀላችብኝ ብሎ የሚቆጣ ሰው ይገጥመኛል ብላ አስባ አታውቅም። ወይዘሮ ብርቅዬ እስከ እሑድ ካልተስተካከለ ሌላ ፎቶ ቤት እንደሚወስዱት ነግረዋት ሄዱ። የወይዘሮ ብርቅዬ ቃል ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ዘንድ ከማስታወቂያ ይበልጣል፤ ያቺ ሰሌዳ ቀለሟ በደንብ ሳይደርቅ ልትወርድ ነው።

ሊድያ ስታለቅስ ዋለችና ማታ ጥፋቱ የስክሪኑ መሆኑ ሲገባት እንባዋ ባንዴ ደረቀ። ለካ ዓይኗ አይደለም የሰነፈው! ያገኘችውን ሁሉ አነበበች፣ የሙያ ጓደኞቿን በስልክ አደከመች፤ ቀለም የማይዋሽ ሞኒተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ስታውቅ እንደ ልጅ በደስታ ዘለለች። ያጠራቀመችውን ይዛ ልትወጣ ስትል ግን እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ያለ ጋሽ ሽበሺ አንዲት ሶኬት አትገዢም!»

ባህል አዳራሽ አካባቢ የገቡበት የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያምር ሞኒተር አወጣ። ጋሽ ሽበሺ ጎንበስ ብለው ከላይ አዩት፣ ከጎን አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ጎብጧል።»

«አሠራሩ ነው፣ ጋሼ። ከርቭ ይባላል። ጌም የሚጫወቱ ልጆች ይወዱታል።»

«ስምም አወጣችሁለት? መኪና ላይ ሲጫን ነው የጎበጠው። ስንቱን ቆርቆሮ የተረከብኩ ሰው ነኝ እኮ!» ካሉ በኋላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ዞሩ። «ሊድያ፣ ይሄን ለምን አትወስጂም? ዜናም ታዪበታለሽ። ደግሞ ይከብዳል።»

ሊድያ እጃቸውን ይዛ በመከራ አወጣቻቸው።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የቀረበላቸው ያልጎበጠ ነበር። ሊድያ ገና ቀለሙ ያልተነካውን የሀሴትን ፎቶ በፍላሽ ይዛ ነበርና ሰካችው፤ ከፊት ሲታይ ደኅና ነው። ጋሽ ሽበሺ ግን በሕጋቸው መሠረት ከጠረጴዛው ጎን ሄደው ተንበረከኩ። እሷም እያፈረች ልታነሣቸው ስትጠጋ ከዚያ በኩል ስክሪኑን አየችው። የሀሴት ፊት አመድ ሆኗል። ከእንዲህ ያለ ስክሪን ፊት ትንሽ ዘንበል ብላ ብትቀመጥ ሌላ አልበም ልታበላሽ ነበር።

«ፊት ለፊትማ ሁሉም ያምራል» አሉ ጋሽ ሽበሺ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

ሊድያ ከልቧ አመሰገነቻቸው። ወዲያው ግን ጭንቅ ያዛት። ሁለተኛው ሕግ እውነት ከሆነ የመጀመሪያውንም መስማት ሊኖርባት ነው፤ ስለ እርሱ ስታነብ የሰነበተችው ሞኒተር ደግሞ በጣም ቀላል ነው።

ይህን ሞኒተር ያገኙት አብዱልሃሚድ የሚባል ወጣት ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነው። «ለፎቶ ሠራተኛ ብዬ ያመጣሁት አንድ አለኝ» ብሎ ከሳጥኑ አወጣው፣ አበራው፣ ፍላሹን ሰካው።

ሀሴት ብቅ አለች። ጠይም! ሐይቁ ዳር ነፋሱ ቬሏን ሲቀማት እየሳቀች፣ ሚዜዎቿ በአረንጓዴ ቀሚስ ከበዋት፣ ልክ ሊድያ ያን ቀን በዓይኗ እንዳየቻት። ከጎን አየቻት፣ ጠይም። ተንበርክካ ከሥር አየቻት፣ ያችው ጠይም ሀሴት! ሊድያ እልል ማለት አማራት። ግን ዕቃ መውደዱን ያሳየ ገዢ አለቀለት ይባላልና ከንፈሯን ነክሳ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች።

ጋሽ ሽበሺ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «እነዚህ ቀይ የለበሱት ሚዜዎቹ ናቸው?»

አብዱልሃሚድ ሳር የመሰሉትን ቀሚሶች አየና ወደ ሊድያ ዞረ። ሊድያ የከድር ሶፋ ትዝ አላት። ለካ ሰምም ወርቅም አልነበረውም፤ ሰፈሩ ሁሉ መጋረጃና ምንጣፍ ያስመረጣቸው ሰው ቀይና አረንጓዴ አይለዩም!

«አዎ፣ ሚዜዎቹ ናቸው» አለች ቶሎ ብላ፤ አብዱልሃሚድንም በዓይኗ ለመነችው። እርሱም ጨዋ ልጅ ነውና ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

ጋሽ ሽበሺ ሞኒተሩን ብድግ አደረጉት። እንደ ባዶ ሰፌድ ተነሣላቸው። ሊድያ «ይሄማ ካርቶን ነው» ብለው ጥለውት ቢወጡ እናቷ ዕቃውን በበሩ እንደማታስገባላት ታውቃለች፣ እሑድ ደግሞ ደርሷል። ጋሽ ሽበሺ ዕቃውን እንደያዙ እሷን አዩአት፤ ቆየት ብለው አዩአት። ከዚያ በቀስታ አስቀመጡት።

«ኦርጅናል ነው» አሉ።

ቀጥሎም አብዱልሃሚድ ላይ ዞሩ። ዋጋ ሲከራከሩ የሰው ሳይሆን የራሳቸው ገንዘብ ሊወጣ ያለ ይመስል ነበር። ልጁ «ወላሂ አያዋጣኝም፣ አባባ!» ሲል እርሳቸው ወደ በሩ ይራመዳሉ፣ ሲጠራቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ እርሱም እየሳቀ ሸጠ፣ እርሳቸውም ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

ባጃጅ ውስጥ ሳጥኑን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሊድያ አላስችል አላት።

«ጋሽ ሽበሺ፣ ግን እኮ አይከብድም።»

«አይከብድም» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀይና አረንጓዴም አልለይም። ዛሬ ነቃሽብኝ አይደል? አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚመርጡት?»

«እኔ ዕቃ መች አየሁና ልጄ! የማየው የገዢውን ፊት ነው። ሰው ያማረውን ሲያገኝ ፊቱ ይናገራል፤ አንቺ ኮርኒስ ኮርኒስ ስታዪ ጉንጭሽ ይስቅ ነበር። አፍ ግን ብሳሳትስ ብሎ ይፈራል። ያኔ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ኦርጅናል ነው ሊለው ይገባል። ኋላ ቢበላሽ እንኳ የሚረግመው እኔን ነው፣ ራሱን አይደለም።»

«የከድር ሶፋስ?»

«የከድር ዓይን ከዚያ ሶፋ ላይ አልነቀል አለ፤ እኔ ምን ላድርግ? አረንጓዴ ያማራት ሚስቱ ናት፤ እሷ አብራን አልመጣች!»

ሊድያ ሳቋ አምልጧት የባጃጁ ሹፌር ዞሮ አያት።

እሑድ ከሰዓት አዲሱ አልበም ደረሰ። ወይዘሮ ብርቅዬ መጡ፤ ጋሽ ሽበሺም የጠራቸው ሳይኖር መጥተው ጥግ ያዙ። ወይዘሮ ብርቅዬ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። ሊድያ አልበሙን አላየችውም። ያየችው ፊታቸውን ነው።

መጀመሪያ ግንባራቸው ተፈታ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሄዶ የልጃቸውን ጉንጭ ነካ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ሊድያም አፋቸው ሳይከፈት መልሱን ዐወቀችው።

«እናቴን» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ። «ቁርጥ እናቴን!»

ጋሽ ሽበሺ ከጥጋቸው ተነሡ። አልበሙን በክብር ተቀበሉና አንዲት ገጽ ሳይገልጡ በክንዳቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ይከብዳል!» አሉ። «ኦርጅናል ነው!»

ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት ሊድያን ነበር።