ቀበቶ የማይሻ ሱሪ

የሰው ልጅ ያለ እምነት መኖር አይችልም። አንዱ በዕድሩ ይተማመናል፤ አንዱ በእግር ኳስ ቡድኑ፤ ሌላው ደግሞ የአጎቱ ልጅ አንድ ቀን እንደሚሾም በማመን ይጽናናል። እኔ፣ ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ ሴቻ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሰዎችን ሪፖርት ነጠላ ሰረዝ እንዳቃና የተቀመጥሁት ሰው፣ አምን የነበረው በሱሪ ነው። በማንኛውም ሱሪ አይደለም። ልኩን አውቆ በተሰፋ፣ ወገብ ላይ በራሱ ጸንቶ በሚቆም፣ የማንንም ድጋፍ በማይለምን ሱሪ።

ለመሆኑ ቀበቶ ምንድን ነው? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትጠይቁም፤ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያደርገውን ነገር አይመረምርም። ቀበቶ ማለት ሱሪና ባለቤቱ እንዳልተስማሙ ለአላፊ አግዳሚው የሚያውጅ የቆዳ ቁራጭ ነው። የሚዋደዱ ባልና ሚስት ቤት ፖሊስ ምን ይሠራል? በዚያ ላይ ሰውን ከወገቡ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። እንደ ከተማችን ላዩን ሴቻ፣ ታቹን ሲቀላ ያደርገዋል፤ ካንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሚኒባስ የሚያስፈልግ እስኪመስል ድረስ። ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ የተቆረጠ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ቁመናውም ወገቡ ላይ ሳይሰበር እንደ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰው፤ በእኔ ትምህርት ክቡር አለባበስ ይህ ነበር። ትምህርቱን በሻይ ሰዓት ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሰብኬአለሁ። ደቀ መዝሙር ግን አላፈራሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲያውም ስብከቴን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣ ቀበቶ መግዣ አጥቼ እንደ ሆነ በግልጽ እንድነግረው፣ በዚህ ዘመን መቸገር ነውር እንዳልሆነ በሐዘኔታ መከረኝ።

እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነውና፣ ሲቀላ ወዳለው ልብስ ሰፊ ወደ ከድር ሄድሁ። ከድር እጁ የተባረከ፣ ምላሱም ከእጁ የማይተናነስ ሰው ነው። ሙሉ ልብስ እንዲሰፋልኝ፣ ሱሪው ግን የቀበቶ ማስገቢያ እንዳይኖረው፣ በምትኩ ወገቡ ግራና ቀኝ እየተሳበ በቁልፍ የሚያዝ ትንሽ የጨርቅ ማጥበቂያ እንዲያደርግበት አዘዝሁት። መርፌውን ከከንፈሩ ላይ አንሥቶ፣ ማስገቢያውን ልስፋልህ፣ ካልፈለግኸው ባዶውን ይቀመጥ አለኝ። ለማይጠራ እንግዳ ወንበር አይደረደርም አልሁት። እንግዳው ሳይጠራ የመጣ እንደ ሆነስ አለ። እኔም ስለ ቅርፅና ይዘት አንድነት ጥቂት ገለጥሁለት። ከድር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ "እሺ፣ አንተው ትለብሰዋለህ" ብሎ ለካኝ። ሰፍቶም አሳመረው፤ ይህን መመስከር ግዴታዬ ነው። ጥፋቱ የሆድ ነው። የተለካሁት አንድ ትልቅ የሐይቅ ዓሣ ከነሚያቃጥለው ዳጣ ጨርሼ እንደ ተነሣሁ ነበርና፣ ሱሪው የተሰፋው ለእኔና ለዓሣው በጋራ ነበር።

ልብሱ ያለ ምክንያት አልተሰፋም። ትዕግሥት የምትባል፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ላሉት የሙዝ ገበሬዎች ምክር የምትሰጥ የግብርና ባለሙያ አለች። ላገባት ፈልጌ ካምባ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሽማግሌዎቼ ተመላልሰው የአባቷን የአቶ ዘለቀን እሺታ አግኝተዋል፤ የቀረው እኔ ራሴ ቀርቤ የቤተ ዘመዱን ምርቃት መቀበል ነው። ያለዚያ ምርቃት የሠርግ ቀን አይቆረጥም፤ ቀን ካልተቆረጠ ደግሞ ትዕግሥት የለችም። ይህንንም ራሷ አስረድታኛለች። "እነሱ የሚያዩት ልብስህን አይደለም፤ እጅህን ነው" አለችኝ። በሁለት እጅህ ሰላም በል፤ ሲመረቅም ሁለቱንም ዘርጋ። አንድ እጁን ሰብስቦ የሚመረቅ ሰው ሆዱ ውስጥ ያልተናገረው ነገር አለ ይባላል፤ ምርቃቱም ይቆማል። እኔም ስለ እጄ እንዳትጨነቅ፣ ይልቁንም የሱሪውን አወራረድ እንድታስተውል ነገርኋት። አስተዋለችው። አስተውላም "ቀበቶህስ?" አለች። እዩልኝ፤ የተማረችው እንዲህ ካለች ያልተማረው ምን ይበል?

በማለዳ ጉዞ ጀመርን። የሽማግሌዎቼ መሪ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ናቸው። መኪናው ውስጥ ኮቴን ገለጥ አድርገው አዩና፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ረስተህ ነው የመጣኸው?" አሉ። አልረሳሁም፣ አውቄ ነው አልኋቸው። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ብለው የራሳቸውን ቀበቶ ሊፈቱልኝ ጀመሩ። ማስገቢያ እንደሌለው ስነግራቸው እጃቸውን ሰበሰቡና፣ "በሩን እኮ ግንብ አድርገህበታል" አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ በእሳቸው ዘመን ሙሽራ ቢቸግረው ገመድም ቢሆን ያስር እንደ ነበር፣ የዛሬ ልጅ ግን ገመዱንም እንደሚንቅ ለሹፌሩ አጫወቱት። ሹፌሩም በጣም አዘነ።

ሙሽራ መሆን ያስፈራልና ከዋዜማው ጀምሮ እህል ከአፌ አልገባም። የካምባ መንገድ ደግሞ በሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ያንጓልላል። ከዚያ መኪና ስወርድ ዓሣው ከሄደ ሰንብቷል፤ ቦታው ግን ሱሪዬ ውስጥ እንደ ተከበረለት ነበር። ቢሆንም አልደነገጥሁም። ሁለቱ ቁልፎች አሉ። ሰው በሁለት ቁልፍ ስንት ነገር ይዞ ይኖራል?

የአቶ ዘለቀ ግቢ በእንሰት የተከበበ ለምለም ሜዳ ነው። አዛውንቱ በረድፍ ቆመው ጠበቁን። እኔም እንደ ተመከርሁት በሁለት እጄ እየጨበጥሁ፣ ጉልበት ለመሳም እያጎነበስሁ ረድፉን ተከተልሁ። የመጨረሻው አዛውንት ጉልበት ላይ በደረስሁበት ቅጽበት በቀኝ ወገቤ በኩል ጠብ የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ቁልፏ ሣሩ ውስጥ ገባች። ቀና ስል ሱሪው አብሮኝ ቀና አላለም። ቀኝ እጄን በኮቴ ሥር አሾልኬ ወገቡን ጨብጬ ያዝሁ፤ እንግዲህ ያለኝ እጅ ግራው ብቻ ነበር።

መቀመጥ ቢኖር እድን ነበር። ምርቃት ግን በቁም ነው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመ፤ የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባባ አንጁሎ መሐል ገብተው በጋሞኛ መመረቅ ጀመሩ። ወደ አማርኛ ሳመጣው ግማሽ ውበቱ መንገድ ላይ ይቀራል እንጂ፣ እንደ እንሰት ሥር ስደዱ፣ ከአንድ ግንድ ብዙ ሁኑ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ ነበር የሚሉት። ሰዉ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ አሜን ይላል። እኔም ግራ መዳፌን ዘርግቼ አሜን እላለሁ። አባባ አንጁሎ መሐል ላይ አቋረጡና ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ፣ አንዱ እጅህ የት ነው አሉ። አለ፣ አባባ፣ አልሁ። "መኖሩንማ አውቃለሁ፤ ለምን አልመጣም?" አሉ።

በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተጣሰ ደንብ፣ የታቀፉት ቂም፣ ሳይነገር የታለፈ በደል ውሎ አድሮ መካንነት ሆኖ፣ በረዶ ሆኖ፣ የከብት በሽታ ሆኖ ይመጣል። መድኃኒቱ ቆሞ መናገር ብቻ ነው። ስለዚህ ያ የቀረ እጄ የግል ጉዳዬ መሆኑ አበቃ። ሁሉም እንድናገር ይጠብቃል። ከትምህርቴ ሁሉ ውስጥ፣ ሱሪዬ ሊወልቅ ነው የሚለውን ሐሳብ በክብር የሚሸከም አንድ ሐረግ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቅኔው አልደረሰልኝም፤ ተረቱም እንደዚያው። ጋሼ ታደሰ ከማዶ ሆነው በዓይናቸው ይቆጡኛል። ትዕግሥት እናቷ አጠገብ ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሌላ ሴት አለችው ወይስ ልጅ ወልዷል እያለች እንደምታወጣ እንደምታወርድ ፊቷ ላይ አነበብሁ። አንድ ቃል ብናገር ትዕግሥት ትስቅ ይሆናል፤ አባቷ ግን ሱሪውን መያዝ ያልቻለ ልጄን እንዴት ይይዛል ቢሉ ምን እመልሳለሁ? ባልናገርም ምርቃቱ ቆሟል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ።

አባባ አንጁሎ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞረው፣ ይህ ልጅ እጁን ዘርግቶ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም አሉ። የራሱ ነገር ቢሆን ይናገር ነበር። በዚህ ግቢ የተቀበረ ነገር አለ፤ ለእንግዳው ተሰምቶታል፤ የያዘ ሰው ይናገር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የእኔ ሆድ ጉዳዩ ሌላ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ስንት ዓመት የፈረዱ አዛውንት በስሜ ይህን ያህል ካሉ በኋላ ማረም ብልግና አይሆንም?

ከክቡ ጫፍ፣ "እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። የአቶ ዘለቀ ታላቅ ወንድም፣ አቶ ኦይቻ ናቸው። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ከመጣን ጀምሮ ቃል ያልተነፈሱ ሰው ናቸው። ይህች ልጅ ተምራ የወጣችው ከእኔ ቤት ነው አሉ፤ ስትታመም ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሲመጣባት ግን ወንድሜ አልነገረኝም። የሰማሁት ገበያ መሐል፣ ቅቤ ከሚሸጥ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ ምን ብዬ እንደ መለስኩለት አላውቅም። ዛሬም እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፤ አሜን ግን አላልኩም፤ አንዱንም አላልኩም።

አቶ ዘለቀ አንገታቸውን ደፉ። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ሰው ቀደመኝ አሉ። ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፤ ሣሩንም በሁለት እጃቸው ይዘው ወንድማቸው እግር ሥር ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ የሚሄድ የለም። አቶ ኦይቻ የወንድማቸውን አናት አዩ። ከዚያ ብድግ አደረጓቸውና አቀፏቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔንም ልቤን ነካኝ፤ እንባዬን የምጠርግበት ቀኝ እጅ ግን አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን ምስጋና በምን ቃል ልግለጸው? አባባ አንጁሎ ዕድሜው ለጋ ነው፣ ዓይኑ ግን የሽማግሌ ዓይን ነው አሉ። አቶ ዘለቀ ጎሜ ታቅፈን ልጃችንን ልንድር ነበር፣ እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል አሉ። ትዕግሥት በአዲስ ዓይን አየችኝ። ጋሼ ታደሰ እንኳ በእኛ ዘር እንዲህ ያለው ነገር እንዳለ አጠገባቸው ለቆሙት ይነግሯቸው ነበር። ስለ ቅርፅና ይዘት ስሰብክ ከርሜ ያላገኘሁትን ክብር በአንዲት ቁልፍ መጥፋት አገኘሁት። ግን ክብር ዕዳ አለበት። አባባ አንጁሎ እንግዲህ ነገሩ ወጥቷል፣ አሁን ሁለቱንም ዘርጋ አሉ። ግቢው በሙሉ ቀኝ እጄን ይመለከት ጀመር። እግሮቼን በተቻለኝ መጠን አራራቅሁ። በግራ በኩል የቀረችው ቁልፍ ብቻዋን መሸከም እንደሰለቻት ይሰማኝ ነበር።

ይህን ጊዜ አቶ ኦይቻ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ። ይህ ልጅ ልቤን አየው ብለው በአንድ ክንዳቸው ጎኔን አቀፉ። ክንዳቸው በኮቴ ሥር አለፈ፤ መዳፋቸውም መዳፌን ሱሪዬ ላይ አገኘው። ለቅሷቸው ቆመ። ጣቶቻቸው የላላውን ወገብ ዳሰሱ፤ የሌለውን ቁልፍ ፈለጉ፤ ቀበቶም ፈለጉ። ከዚያ በዚያ በሰፊ መዳፋቸው ሱሪዬን ከኋላ ጭብጥ አድርገው ያዙና "ልቀቀው" አሉኝ በጆሮዬ። ለቀቅሁት። ሁለት እጆቼ ተዘረጉ። ግቢው ተነፈሰ፤ አባባ አንጁሎም ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔና አቶ ኦይቻ ተጣብቀን ቆመናል። ሰው የሚያየው አዲስ ፍቅር ነው። ጥቂት ምርቃት ካለፈ በኋላ፣ ዙሪያችን የቆሙት እንዳይከታተሉ በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ጠየቁኝ።

"ሌላ ነገር የለህም? ይሄ ብቻ ነው?"

"ይሄ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

ልጆቻችሁ ይብዙ ተባለ፤ ከብታችሁ ይርባ ተባለ። አቶ ኦይቻ የጨበጡትን አላላሉም።

"እንግዲህ ይህን ለሰው ብትናገር፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የተናዘዝኩት ለሱሪ ነው ማለት ነው።"

"አልናገርም፣ ጋሼ።"

"አሜን በል" አሉኝ፤ እሳቸውም አሜን አሉ።