በእትዬ ጤናዬ ደም ላይ ስለተደረገው ስብሰባ

የቱሉ ልጆች መረዳጃ ማኅበር፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ፣ በሰብሳቢው ሳሎን።

የተገኙ፦ አቶ ዳባ ቱሉ (ሰብሳቢ)፣ ወንድማቸው አቶ ዲንሳ (ምክትል)፣ ወንድማቸው አቶ በኃይሉ (አባል)፣ ከአባታቸው የመጀመሪያ ሚስት የተወለዱት የበኩር ልጅ ወ/ሮ ጤናዬ (አባል)፣ የሰብሳቢው ልጅ ሲና (ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ)። አቶ በኃይሉ ቢያንቀላፉም ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ የሰብሳቢነት ርክክብ

ደንቡ ሰብሳቢነት ለበኩር ልጅ ነው ይላል። ሆኖም አቶ ዳባ «ለጊዜው» በተባለ ውሳኔ ዓመታት ተቀምጠዋል። ወ/ሮ ጤናዬ ወንበሩ ዛሬውኑ እንዲመለስላቸው ጠየቁ።

ሰብሳቢው ተቃወሙ። ወ/ሮ ጤናዬ ለእርጅና ጥናት ደም ሰጥተው ሐኪሙ የነገራቸውን ራሳቸው ማውራታቸውን ሰብሳቢው አስታወሱ። ሴት ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ኤክስ ክሮሞዞም ትወርሳለች፤ ገና በማኅፀን ሳለች እያንዳንዱ ሴል አንደኛውን ዝም ያሰኛል። በወጣትነት ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን በመቅኔ ውስጥ ደም ከሚያመርቱት ግንደ ሴሎች ጥቂቶቹ ሥራውን ጠቅልለው ስለሚይዙት ሚዛኑ ሊያጋድል ይችላል። (ጸሐፊዋ ይህ ማኅበራችንን ይመስላል ብትልም ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል፤ ይሰረዛል።) በወ/ሮ ጤናዬ ደም ከአሥር ሴል በዘጠኙ የሚሠራው የእናታቸው ኤክስ ነው። ስለዚህ፣ አሉ ሰብሳቢው፣ «እትዬ የእናቷ ልጅ ሆናለች።»

አቶ ዲንሳ፣ አባታችን በእትዬ ደም ውስጥ አፉ ተዘግቶ አይቀርም፤ ሁለቱ ኤክሶች እንደ ቧንቧ ውሃው በፈረቃ ይሥሩ፤ ለእትዬ መቅኔ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ፣ ለልቧም ግልባጭ ይድረስ አሉ። አቶ በኃይሉ ነቅተው ደገፉ፤ ቀጥሎም የደገፉት ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፈረቃው እስኪጀመር የወ/ሮ ጤናዬ አባልነት አንድ አሥረኛ እንዲሆን ተወሰነ። የስብሰባ ምግብ ማሰናዳቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእርሳቸው ይቀጥላል።

ወ/ሮ ጤናዬ እጅግ ማዘናቸው ይመዝገብልኝ አሉ። አባታቸው አልጋ ላይ ሲወድቁ ያጠቧቸውና ያገላበጧቸው እርሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ ያኔ ደማቸውን የጠየቀ አለመኖሩን ተናገሩ። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ የእናንተስ ኤክስ ከማን ነው?» አሉ።

ጸሐፊዋ እንድታስረዳ ተፈቀደላት። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ነው፤ እሱም ከእናቱ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው፣ ከአባታችን የወረስነው ዋይ የሚባል አለን ሲሉ ተሟገቱ። ወ/ሮ ጤናዬ ግን ወንድ ሲያረጅ ዋይ ከደሙ ሴሎች እየጠፋ ሊሄድ እንደሚችል ሐኪሙ እንደነገራቸው ገለጹ። «ዳባዬ፣ ነገ አብረን እንሂድና ተመርመር። ዲንሳም ይምጣ» አሉ። አቶ ዲንሳ ነገ ለቅሶ አለብኝ አሉ። ማን እንደሞተ አልተገለጸም።

ሰብሳቢው ተነሥተው፣ «ደም የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይነሣ! እስከ ዛሬ የወሰንነውን ሁሉ ሰርዢው፤ ደንቡ ብቻ ይቆይ!» ሲሉ አዘዙ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አቶ በኃይሉም እጃቸውን አወጡ።

በዚሁ መሠረት ጸሐፊዋ ሁሉንም ሰርዛለች፤ «ለጊዜው» የተባለውንም ውሳኔ ጨምሮ።

ስብሰባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ምግብ አቶ ዳባ ያሰናዳሉ።

ጤናዬ ቱሉ፣ ሰብሳቢ (ፊርማ)