ሊቀ ቁልፍ ቀጄላ

አዲስ ዕቃ በሚገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ዕቃው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ እንከኑን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ወንበር ሲገዛ ቀድሞ ተቀምጦ የሚወዛወዝ፣ እስክሪብቶ ሲታደል መዳፉ ላይ ሞክሮ የሚመልስ፣ «የድሮው ይሻል ነበር» ለማለት አዲሱ እስኪመጣ ብቻ የሚጠብቅ ሰው። ክልሉ ገና አዲስ፣ ቢሮዎቹም ገና ኖራ ኖራ በሚሸቱበት ዘመን ለአሶሳ የደረሷት አቶ ቀጄላ ነበሩ።

አቶ ቀጄላ ከወለጋ የመጡ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጽሕፈት መኪና ሲደበድቡ የኖሩ ጸሐፊ ናቸው። የአሶሳ ልጅ የሆነችው ዐዋጢፍ የጸሐፊነት ኮርሷን ጨርሳ ስትቀጠር የደረሳት ጠረጴዛ ከእሳቸው ጎን ነበር። «ሊቀ ቁልፍ» የሚለውን ማዕረግ ያወጣችላቸውም እሷ ናት። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የምትላቸው።

ቢሮው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲያስብ ለናሙና ሦስት ዓይነት ቀረቡለት፤ እንደ ትሪ የሳሳ ብርማ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ እንደ ጡብ የወፈረ ግራጫ። ሊቀ ቁልፍ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ጣቶቻቸውን አፍታተው ቀረቡ። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር መቱ፦ «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በስብሰባው ቦታ እንድትገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።»

«ለምን ይሄን መረጡ ጋሼ?»

«ልጄ፣ በዚህ አገር ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር አይተሻል?»

ጥቁሩን ሲነኩት፣ «ይሄ ገንፎ ነው፤ ጣት ገብቶ ይቀራል» አሉ። ብርማው ላይ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ ደግሞ ጠረጴዛ መቆርቆር ነው። ስትነኪው ሰማሁም፣ አልሰማሁም አይልም።» ግራጫው ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው አልነሣ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «ይሄ መልስ ያውቃል! እንዴት አደርክ ስትይው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ጣት አይዋሽም!»

«ጣት አይዋሽም» የዘወትር ቃላቸው ነው። ዐዋጢፍ አንድ ቀን ብትቆጥር እስከ ምሳ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ብለውታል።

በዚህ አላበቁም። ምቾት አንድ ነገር፣ ጽናት ሌላ ነገር ነው ብለው ሦስቱንም ላፕቶፖች በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ በኮረኮንቹ መንገድ እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ ኩርሙክ ሄደው ተመለሱ። ሾፌሩ ሱለይማን ወገቡን ይዞ ከመኪናው ወረደ። «ወላሂ፣ ኮምፒውተር ሰላም ነው» አላት ዐዋጢፍን፤ «የተሰበረ የኔ ወገብ ነው።»

ሰላሙ ግን የሦስቱም አልነበረም። ጥቁሩ ሁለት ቁልፍ መንገድ ላይ ጥሏል። ብርማው አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። ግራጫው ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሶ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አቶ ቀጄላ የስድስት ገጽ ሪፖርት ጽፈው ለአስተዳደር ኃላፊው ለአቶ ደባልቄ አቀረቡ። አቶ ደባልቄ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ሳቁ።

«አቶ ቀጄላ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ጠረጴዛዬ ላይ ጡብ ልደርድር?»

ብርማው ተገዛ። ግራጫው ናሙና ሻጩ እስኪወስደው ቁም ሳጥን ገባ።

ከዚያ ወዲያ የዐዋጢፍ ኑሮ ኑሮ አልነበረም። እሷ ብርማው ላይ ስትጽፍ ሊቀ ቁልፍ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «‹አ›ሽ ጉንፋን ይዟታል።» «ቀስ በይ፣ ‹መ› እየደከማት ነው።» አንድ ረቡዕ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! የራስዎን ሥራ ይሥሩ!»

አቶ ቀጄላ ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም። ዐዋጢፍ መጀመሪያ ጆሮዋ ዐረፈ፤ በኋላ ዝምታው ራሱ ይቆረቁራት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት የስም ዝርዝር መጣ። ከየወረዳው የተመረጡ ሠላሳ ስምንት ወጣቶች ለጤና ሥልጠና አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው፤ ዝርዝሩ በዚያው ቀን በስምንት ሰዓቱ አውሮፕላን መድረስ አለበት። ስሙ ከመታወቂያው ጋር ያልገጠመ ተመላሽ ነው። አሥራ አንደኛዋ የዐዋጢፍ ታናሽ እህት ሂባ ናት። ዐዋጢፍ እየተጣደፈች ጻፈች፣ አተመች፤ አቶ ደባልቄም ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተሙን አንሥታ ልትመታ ስትል ከጎኗ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

«ሥራዬ አይደለም፤ ማሎ፣ እባክሽ አትቆጪኝ» አሉ አቶ ቀጄላ። «ግን ከጠዋት ጀምሮ ያቺ ‹ል›ን ‹ላ› የምታደርገው ‹አ› ሦስት ጊዜ ስትጠራ አንዴ ዝም ትላለች።»

ዐዋጢፍ ወረቀቱን አየች። ወለተሥላሴ «ወለተሥልሴ» ሆናለች። ጅረኛ «ጅረኝ» ሆኗል። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ እህቷ «ሂብ» ተብላለች። ማኅተሙን መልሳ አስቀመጠች።

አሁን «ብዬ ነበር» ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ አፍ እንዴት ያልፈዋል? እሳቸው ግን ተነሥተው ግራጫውን ከቁም ሳጥኑ አወጡ፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ሰኩት። «አንቺ ከቅጹ አንብቢ፤ እኔ ልምታ።»

«ሂባ» አለች ዐዋጢፍ።

«በየትኛው ሀ? በሃሌታው ነው በሐመሩ?»

«በሃሌታው። ቀጥሎ አልአሚን።»

«በአልፋው አ ነው በዓይኑ?»

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ!»

«አውሮፕላኑ ይሂድ! ልጅቷ በሌላ ሰው ስም ከምትሄድ ጥያራው ባዶውን ይብረር!»

ሠላሳ ስምንቱንም እንዲህ እየጠየቁ መቱ፤ ዝርዝሩ እንደገና ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ሱለይማን ፖስታውን ይዞ ሲበር የፒክአፑ አቧራ እስከ ገበያው ታየ። አውሮፕላኑ በሩን ሳይዘጋ ደረሰ። በሳምንቱ ሂባ ከአዲስ አበባ ደውላ መመዝገቧን ስትናገር፣ ዐዋጢፍ ስልኩን ጨብጣ አለቀሰች። አቶ ቀጄላ መስኮቱን እያዩ፣ «ጣት አይዋሽም» አሉ፤ ሃያኛው ይሁን ሃያ አንደኛው አልቆጠረችም።

ክረምቱ ሲገባ ሊቀ ቁልፍን ወባ ጣላቸው። የመጀመሪያው ቀን ቢሮው ሁሉ «እፎይ» አለ። በሁለተኛው ቀን ዐዋጢፍ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስተካከለች፤ ትክክል መሆኑን የሚነግራት ሰው አጣች። በሦስተኛው ቀን ማንጎ በፌስታል፣ ሻጩ እስካሁን ያልወሰደውን ግራጫውን በክንዷ ይዛ ቤታቸው ሄደች። በጋቢ ተጠቅልለው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንግዳ ድምፅ ያወጣል፤ ምን እንደሆነ ያዩልኝ ብዬ ነው።»

አቶ ቀጄላ ጆሯቸውን ቁልፎቹ ላይ አስጠግተው በአንድ ጣት መታ መታ አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ማነው ሦስት ቀን እንዲህ የቀጠቀጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«ደግ አላደረግሽም። ቢሮ ወስደሽ ቦታው አስቀምጪው፣ ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።»

«ወባውስ?»

«ታማሚ እየጠበቀኝ ተኝቼ ልዋል?»

ዐዋጢፍ ግራጫውን አቅፋ በጭቃው መንገድ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር።