ቮልሷ ቤንዚን አብዝታ ስለ መጠጣቷ የተደረገ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡35 የተጀመረ
ቦታ፦ እሪ በከንቱ፣ የወ/ሮ በለጠች ሳሎን

የተገኙ፦
1. አቶ እዮኤል፣ የበኩር ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፦ ሰብሳቢ
2. ወ/ት ሰገን፣ መካከለኛ ልጅ፣ የኬሚስትሪ መምህርት፦ አባል
3. አቶ በፍቃዱ፣ የመጨረሻ ልጅ፣ የቮልሷ ሹፌር፦ ጸሐፊ
4. ወ/ሮ በለጠች፣ እናት፦ ድምፅ የሌላቸው ታዛቢ (እንዲህ ተብለው መመዝገባቸው አልተነገራቸውም)

አራቱም ስለ ተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ዋናዋ ባለጉዳይ ቮልሷ ደጅ ቆማለች። ሟች አባታችን የበዓል በግ ለመምረጥ እንኳ ቃለ ጉባኤ ያስይዙ ስለ ነበር ይህም በዚያው ልማድ ተይዟል።

ስብሰባው በሰብሳቢው ጸሎት ተከፈተ። በጸሎቱ መሃል «ለመኪናይቱም መልካም ገዢ አዘጋጅልን» የሚል ስለ ገባበት ወ/ሮ በለጠች አሜን ሳይሉ ቀርተዋል።

አጀንዳ 1፦ የቮልሷ ፍጆታ

ሰብሳቢው፣ መኪናዋ በአባታችን ጊዜ በአስር ሊትር መቶ አስር ኪሎ ሜትር ትሄድ እንደ ነበር፣ ዛሬ ስድሳም እንደማትሞላ፣ ጸሐፊው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን በማደያ ሰልፍ ላይ እንደሚያልፍበት ገልጸው፣ እንድትሸጥ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ በለጠች ለጉልበታቸው ሕክምና ወደ አምስት ኪሎ የሚመላለሱት በእሷ መሆኑን፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት እንደማይችሉ ተናግረው፣ «እሷን ከምትሸጥ እኔን ሽጠኝ» አሉ። ሰብሳቢው ታዛቢ ድምፅ እንደሌለው ሲያስታውሷቸው፣ ታዛቢዋ ደግሞ ሰብሳቢውን በሕፃንነታቸው ገላቸውን ያጥቡበት የነበረውን ሳፋ አስታወሷቸው። ከረጅም ውይይት በኋላ ሽያጩ የቁጠባ እርምጃዎች እስኪሞከሩ እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የቤንዚን ደረጃ (ኦክቴን) መረጣ

ጸሐፊው ለሦስት ሳምንት ስልኩ ላይ አንብቦ ያዘጋጀውን ጥናት ለአርባ ደቂቃ አቀረበ። ሰማንያ ሰባት፣ ዘጠና አንድና ዘጠና አምስት የሚባሉ ደረጃዎች እንዳሉ አብራርቶ፣ ቮልሷ በዕድሜ የገፋች በመሆኗ ክብሯ ተጠብቆ ዘጠና አምስት እንድትጠጣ አሳሰበ። ወ/ት ሰገን ይህ ቤንዚን የት ማደያ እንደሚገኝ ጠየቁ። ጸሐፊው ጥናቱ እዚያ ድረስ አለመሄዱን አመነ። ለአንድ ማደያ ቀጂ ተደወለ። ቀጂው፣ «ጋሼ፣ ያለው ቤንዚን ነው። እሱም ካለ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ካለው አንድ ዓይነት ቤንዚን መካከል የተሻለው እየተመረጠ እንዲቀዳ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሌሎች የቁጠባ እርምጃዎች

ሰብሳቢው ቮልሷ ከእንግዲህ ቁልቁለት ብቻ እንድትሄድ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ት ሰገን መመለሻውስ ብለው ሲጠይቁ፣ መመለሻውም ቁልቁለት የሆነ መንገድ ጸሐፊው ፈልጎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጸሐፊው ትእዛዙን ተቀብሎ መዝግቧል። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ሳሎን እንዲቀመጥ የቀረበው ሐሳብ ግን ወ/ሮ በለጠች «ማን አባቱ ነው የሚነቅለው!» በማለታቸው ሳይደገፍ ቀርቷል።

አጀንዳ 4፦ የባለሙያ አስተያየት

9፡40 ላይ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው፣ ቮልሷን ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ የሚያውቋት መካኒክ አቶ ተክላይ ደረሱ። ውሳኔዎቹ ሲነበቡላቸው ሁለተኛው እንዲደገም ጠየቁ። ቀጥለውም፣ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የሚጠብቅ እንጂ ጉልበት የሚጨምር እንዳልሆነ፣ የቮልሷ ሞተር ደግሞ ተራውን ቤንዚን ታስቦ የተሠራ መሆኑን አስረዱ። «ቁጥሩን ተዉት። ቁልፉን ስጡኝ» አሉ።

ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ተመለሱና ጉባኤውን ደጅ ጠሩት። ሰብሳቢውንም የኋላ ጎማዋን መሃል በጣታቸው እንዲነኩ አደረጓቸው። ሰብሳቢው የተቃጠለ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ይቺን መኪና ማን ነው የሚነዳት?» አሉ አቶ ተክላይ። «የእጅ ፍሬኗ ተይዞ ነው የምትሄደው። ከገዛ ራሷ ጋር እየታገለች ነው የምትጠጣው።»

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ጽሑፍ ላይ ነበር። ሁሉም ስለ ተመለከቱት እስክሪብቶውን አወረደ።

ጸሐፊው የሚከተለውን ተናገረ። መንዳት የተማረው አባታችን ካረፉ በኋላ፣ በአርባ አራት ዓመቱ፣ እናቱን ሊያመላልስ ነው። አምና ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት መኪናዋ እማዬን እንደ ያዘች ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አንድ እግረኛ ዘሎ አመለጠ፤ የተጎዳ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳትንሸራተትበት ብሎ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ጥርስ ያህል ሳይስብ ነድቶ አያውቅም። ፍሬን ይዞ እየነዳ ቤንዚን ላይ ሦስት ሳምንት ጥናት ማድረጉም በቃለ ጉባኤው እንዲያዝለት ጠየቀ። ተይዟል።

ሰብሳቢው፦ «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»
ጸሐፊው፦ «ትሸጣታለህ ብዬ።»

ወ/ሮ በለጠች በሩን ተደግፈው፣ «እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «ሲስበው አይ የለ እንዴ? ብናገር ልጄ አፍሮ መንዳት ይተዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አቶ ተክላይ ፍሬኑን ሊያስተካክሉ መኪናዋ ስር ገቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ፣ የሽያጩን ሐሳብ ጨምሮ፣ ተሽሯል። ጥናቱ ለጸሐፊው ይመለስ ተብሏል። ሰብሳቢውም ኮታቸውን አውልቀው፣ «ተነሳ በፍቄ፣ ዳገቱን አብረን እንወጣለን» ስላሉ ጸሐፊው ብዕሩን

ከዚህ በታች የምጽፈው ሰገን ነኝ፤ ጸሐፊው መሪ ይዟል። ስብሰባው 10፡50 ላይ ተበትኗል። እኔና እማዬ በር ላይ ቆመናል። ዳገቱ መሃል ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ እማዬ ክንዴን ጨመደደችኝ። ሞተሩ አጓራ፤ ከዚያ ሰብሳቢው በመስኮት እየጮሁ ሲያልፉ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፦ «ነዳጅ ስጣት! አትቆጥብ! ስጣት!»