የሃያ ሦስት ደቂቃው ዘመቻ

ታሪክ ራሱን በራሱ የሚያስታውስ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴ ባላስፈለገው ነበር። ስለማያስታውስ ግን፣ ከመተማ ብዙ በማትርቅ፣ ስሟን ብንጠራ የልማት ግስጋሴዋ በሚደናቀፍባት አንዲት የቆላ ከተማ፣ ሰባት አባላት ያሉት «የጥንታዊ ታሪክ የሮክ አልበም ዐቢይ ኮሚቴ» በክብር ተቋቋመ። ከሰባቱ መካከል ሮክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ይህም የኮሚቴውን ገለልተኛነት ከጥርጣሬ በላይ አድርጎታል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ወንድዬ ነው። ወንድዬ የከተማዋ ባህል ጽሕፈት ቤት የኪነ ጥበብ ባለሙያ ነው፤ ማለትም ቅጽ ይሞላል። ከሥራ ሲወጣ ግን ኤሌክትሪክ ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ ትራክተር መካኒኩ ወደ ዋለ ጋራዥ ይሄዳል። ወንድዬ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፤ ዋለ ድራም ይመታል። በናፍጣ ሽታ መሀል አራት ዓመት ሙሉ ሲደክሙ የኖሩበት ሙዚቃ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል፤ ምቱ ሦስት ጊዜ ተለዋውጦ አድማጩ «አሁን ሊያልቅ ነው» ሲል ገና መግቢያው የሚያልቅበት ዓይነት ነው። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው፦ የጥንቱ የአክሱም ንጉሥ ወደ ኑባ ምድር ዘምቶ፣ በድንጋይ እንዳስቀረጸው፣ የሚሸሸውን ጠላት ሃያ ሦስት ቀን ማሳደዱ። አራት ክፍል፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ደቂቃ።

ወንድዬ ከዚህ ዓለም ይፈልግ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ይህን ሃያ ሦስት ደቂቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሰማለት። እናቱ አራተኛው ደቂቃ ላይ «አለቀ ልጄ?» ብለውታል። ዋለም ቢሆን ሲመታው እንጂ ሲሰማው አልኖረም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አንዱአምላክ አልበሙን የተቀበሉት በደስታ ነው። በዕቅዳቸው ላይ «ታሪካዊ የኪነ ጥበብ ሥራ፣ በቁጥር አንድ» የሚል መስመር ነበር፤ አፈጻጸሙ ዜሮ ነው፤ ሩብ ዓመቱ ደግሞ መስከረም ማብቂያ ላይ ይዘጋል። ኮሚቴው ወዲያው ተሰበሰበ።

«ሃያ ሦስት ቀን!» አሉ አቶ አንዱአምላክ መነጽራቸውን አውልቀው። «ወንድዬ፣ ይኼ ዘመቻ ባጭሩ ሊጠናቀቅ አይችልም ነበር?»

«ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ሃያ ሦስት ነው፣ ጌታዬ።»

«የተጻፈውን ተወው፤ የምጠይቅህ አሠራሩን ነው። ተቀናጅተው ቢሠሩ ስድስት ቀን አይበቃቸውም?»

«ጠላት እየሸሸ ነበር።»

«ይኼ ሰበብ ነው።»

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ረቢዓ «በጥንቱ ዘመቻ ላይ የአፈጻጸም መጓተት መታየቱ ተገምግሟል» ብላ ጻፈች።

ከጎንደር መጥተው ኮኪት አጠገብ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ የያዙት ባለሀብት አቶ ደሞዝም የኮሚቴው አባል ነበሩ። የድምፅ ማጉያውን የለገሱት እሳቸው በመሆናቸው ታሪክ ላይ የመናገር ሙሉ መብት ነበራቸው።

«ለመሆኑ ያ ሁሉ ጦር ምን እየበላ ነው ይኸን ያህል ቀን የሄደው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ድንጋዩ ላይ እንደተጻፈው—»

«ሰሊጥ ነው! ሰሊጥ ያልቀመሰ ሰው በዚህ ሐሩር ሃያ ሦስት ቀን አይሮጥም። ከላስ፣ አለቀ!»

ሰሊጥ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጥቂት ደቂቃ ይቀነስ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን የትኛው እንደሚቀነስ ለመወሰን ሙዚቃውን መስማት ስለሚያስፈልግ በጊዜ እጥረት ውድቅ ሆነ። በምትኩ፣ ሕዝቡን ያለ ማብራሪያ ከሙዚቃ ጋር ብቻውን መተው ኃላፊነት የጎደለው መሆኑ ስለታመነበት፣ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት የኃላፊው የዘጠኝ ዘጠኝ ደቂቃ ንግግር እንዲገባ ተወሰነ። በዚህም አልበሙ በጥራት ብቻ ሳይሆን በርዝመትም አደገ።

ምረቃው በከተማዋ አዳራሽ ተከናወነ። የመጀመሪያው ንግግር ተደመጠ፤ ተጨበጨበ። ሙዚቃው ሁለተኛ ደቂቃው ላይ ሲደርስ ምሳ ደርሷል ተባለ፤ አዳራሹም በታላቅ ሥነ ሥርዓት ባዶ ሆነ። ወንድዬ ከሁለት መቶ ወንበር ጋር ቀረ። ሦስተኛው ክፍል ላይ የአዳራሹ ጥበቃ «ልዘጋ ነው» ብሎ ሶኬቱን ነቀለ። በሪፖርቱ ላይ ግን አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነበር። ወንድዬ ያን ቀን ጊታሩን ሊሸጠው አስቦ ነበር፤ ለከተማዋ ኪነ ጥበብ እድል ሆኖ የሚገዛ አልተገኘም።

ጥቅምት ሲጋመስ የግሪሳ ወፍ መጣና የአቶ ደሞዝን ማሽላ ወረረው። ማማ ላይ የቆሙ ጠባቂዎች በወንጭፍና በጩኸት ቢከላከሉም አልበገር አለ። አቶ ደሞዝ ማጉያቸው እንዲመለስላቸው አመለከቱ፤ ማጉያው ውስጥ ደግሞ የተሰካው ያው አልበም ነበር፤ ሌላ ነገር የሚሰካበት ደብዳቤ ስላልተጻፈ እንዳለ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግሪሳው እንደሸሸ ተሰማ። አቶ አንዱአምላክ «ጥንታዊ ታሪካችን ሰብላችንን ታደገ!» ብለው ለበላይ አካል ጻፉ፤ ወንድዬንም ማስረጃ እንዲያመጣ ላኩት።

ማማው ላይ ያገኘው ከሞጣ ለሥራ የወረደ ሰጠኝ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር።

«ወፉ ሸሸ አሉ?» አለው ወንድዬ።

«ይሸሻል ወንድምዓለም። ግን ሙዚቃውን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን?»

«ሰውዬውን ነዋ! ገና ‹የተከበራችሁ› ሲሉ ግር ብሎ ይነሣል። ያ የሚጮኸው የኤሌክትሪክ ክራር ሲመጣ ተመልሶ ይሰፍራል። መብላቱን ትቶ ዝም የሚልበትም ጊዜ አለ።»

«ያኔ በወንጭፍ አትለውም?»

«ማለቱንስ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔም እየሰማሁ ነው።»

ወንድዬ የማማውን ቋሚ ያዘ። «እስከ የት ሰማኸው?»

«እስከ መጨረሻው ነዋ። በቀን ብዙ ጊዜ ይዞራል። ብቻ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ያ ንጉሥ አገሩ ገባ ወይ? ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ዝም። መውረዱንማ እኛም ወረድን፤ ጭንቁ መመለሱ ነው።»

«ገብቷል» አለ ወንድዬ። «ድንጋዩን ያስቀረጸው ገብቶ ነው።»

«ተመስገን» አለ ሰጠኝ፣ የገዛ ወንድሙ የገባለት ያህል። የወንድዬ ዓይን እንባ ሞላ። አራት ዓመት የፈለገውን ሰው ማማ ላይ፣ ወንጭፍ ይዞ አገኘው። ንግግሩን አውጥቶ ሃያ ሦስቱን ደቂቃ ብቻ በሰጠኝ ስልክ ሚሞሪ ላይ ገለበጠለትና ተመለሰ።

ለኃላፊው ያየውን ሳይደብቅ ነገራቸው። አቶ አንዱአምላክ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወንድዬ አዘነላቸው፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስለ ራሱ ሲሰማ ቀላል አይደለም።

«ስለዚህ» አሉ በመጨረሻ ፊታቸው በርቶ፣ «ሥራውን ሲያደናቅፍ የኖረው ሙዚቃው ነው!»

የተሻሻለው ሁለተኛ እትም በሳምንቱ ወጣ። ሙዚቃ የሚባል ነገር የለበትም፤ የኃላፊው ንግግር ብቻ ከንጋት እስከ ምሽት ሳያቋርጥ ይሄዳል። ግሪሳው በአንድ ቀን ድንበር ተሻገረ። አቶ አንዱአምላክም ንጉሡ ሃያ ሦስት ቀን የፈጀበትን ሥራ በአንድ ቀን መጨረሳቸውን በትሕትና ገለጹ።

በአራተኛው ቀን አቶ ደሞዝ ለወንድዬ ደወሉ።

«ወፉ የለም፣ ተማም፣ ደግ ነው። ሠራተኛዬስ የት ገባ?»

«ስንቱ ሄደብዎ?»

«አርባውም!»

አርባውም ሌላ እርሻ ፍለጋ አብርሃ ጅራ ከተማ ገብተው ነበር። ሰጠኝ ለወንድዬ ደውሎ፣ «ጆሯችንን ይዘን ነው የወጣነው። በመንገዱ ላይ ሙዚቃህን ለሁሉም አሰማኋቸው፤ ንጉሡ አገሩ መግባቱንም ነገርኳቸው» አለው።

ወንድዬ የሁለተኛውን ሩብ ዓመት ቅጽ ሲሞላ «የአድማጭ ብዛት» በሚለው ሣጥን «አርባ» ብሎ ጻፈ።

«አርባ ብቻ?» አሉ አቶ አንዱአምላክ። «ንግግሬን የሰሙትስ?»

«እነሱው ናቸው፣ ጌታዬ። አብርሃ ጅራ የሄዱትም ስለዚሁ ነው።»

«ሁለቱንም ሰምተዋላ!» አሉና አርባን ሰርዘው ሰማንያ አደረጉት። ከሥሩም «ማሽላው ከግሪሳ ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል» ብለው ፈረሙ። ይህ እውነት ነው። የአቶ ደሞዝ ማሽላ ዛሬም ወፍም አጫጅም ሳይነካው፣ ንግግሩን እየሰማ እዚያው ቆሟል።