በረዶ ላይ «እኔን!»

ዓለም ሁሉ ሊዝናና በሚመጣበት ከተማ የሚኖር ሰው፣ እሱ ራሱ መዝናናት ሲያምረው የት ይሄዳል? ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ስጠይቅ ኖሬ መልስ አላገኘሁለትም። እኛ እዚህ የምንኖረው በሌላ ሰው ቬኬሽን ውስጥ ነው። ሰዉ ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ አንሶላውን አተረማምሶ ይሄዳል። አንሶላውን እኔ እቀይራለሁ፤ ሆቴል ነው የምሠራው። ባለቤቴ ታደሰ ደግሞ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። ስለዚህ በኛ ቤት ቬኬሽን ማለት ጫማ አውልቆ፣ ተጋድሞ፣ ጣሪያ ማየት ነው። ከዚያ ያለፈ ዕቅድ ሲነሳ ይጨንቀኛል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ «ዛሬ ደስ ይለናል» ተብሎ አስቀድሞ የተወሰነበት ቀን ከሥራ ቀን የበለጠ ያደክማል።

ይህን የምለው ባለፈው ዊንተር ቤተሰብ ሆነን በረዶ ላይ ልንንሸራተት፣ ስኪ ስለሄድን ነው። አዎ፣ ስኪ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ከተማችን በረሃ ብትሆንም በመኪና ወጣ ሲሉ ጥድ የለበሰ፣ በረዶ የሚጥልበት ተራራ አለ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሳሮን፣ የክፍሏ ልጆች ከነአያቶቻቸው እዚያ መዋላቸውን ሰምታ መጥታ «እኛስ?» አለች።

እውነቱን ለመናገር ግን የሄድነው ለእናቴ ነው። ከአዳማ ካመጣኋት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሳሮን አማርኛን የምትሰማው እንደ ራዲዮ ነው፤ ትሰማለች፣ አትመልስም። እናቴ ከእንግሊዝኛ የያዘችው «ኖ ፕሮብሌም»ን ነው፤ እሱንም የምትለው ፕሮብሌም ሲኖር ነው። መሀል ላይ እኔ አለሁ፣ አስተርጓሚዋ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች፣ በተፈጥሮዋም ብዙ የማትናገር አስተርጓሚ ምን ያህል እንደምትጠቅም ገምቱ። ታዲያ ከገና በኋላ አንድ ቀን እናቴ ፎጣ እያጣጠፈች፣ «ለፋሲካ አገሬ ልግባ። ለልጅቷ እንደሆነ የቤት ዕቃ ሆኜባታለሁ» አለች። ልግባ ስትል ለጥየቃ አይደለም፤ ጠቅልላ ነው።

እሷ ከሄደች በዚህ ሁሉ መብራት ውስጥ ስሜን አቆላምጦ የሚጠራኝ አይኖርም። ሌላ ምን ልበላችሁ።

«አንድ ቀን አብረው ውጪ ቢውሉ ይለማመዳሉ፤ ፋሚሊ የሚሆነው እንዲህ ነው» አለ ታደሰ፣ ሺፍቱንም ከጓደኛው ጋር ተቀያየረ። እኔም አመንኩት።

መኪና ውስጥ ሳሮንን ማስጠናት ያዝኩ። «ለእማማ ‹አንቺ› አይባልም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ‹እርስዎ› ነው።»

«እርስዎ» አለች፣ «ር»ን እንደ ማስቲካ ምላሷ ላይ እያንከባለለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ... ደህና ነዎት?»

«እሰይ የኔ እመቤት! ደህና ነኝ!» እናቴ ልትስማት ስትንጠራራ ቀበቶው ይዞ አስቀራት። ይኸው ነገሩ ሊቀና ነው አልኩ በልቤ። ተስፋ እንዲህ ነው የሚጀምረኝ፣ በትንሽ ነገር።

ተራራው ላይ እናቴ የታደሰን ትልቅ ጃኬት ለብሳ፣ በላዩ ነጠላዋን ደርባ ቆመች። ግራ ቀኙን አየችና፣ «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው በረዶ ለማየት ነው? ፍሪጃችሁ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለች።

«ይሄኛው የተፈጥሮ ነው፣ እማማ» አለ ታደሰ።

እናቴ ወዲያ ማዶ ሽቅብ በረዶ የሚተፋውን ማሽን በአገጯ አሳየችው። «ታዲያ ያ ምንድነው?»

ታደሰ ጎንበስ ብሎ የሳሮንን ጫማ ማጥበቅ ያዘ።

ሳሮን ከተከራየነው ስኪ ጋር ስትታገል ቆይታ ለጀማሪ በተተወው ዳገት ላይ ወጣች። ታደሰ እንደሷው የማያውቅ ስለሆነ የጃኬቷን ጀርባ ይዞ ጎን ጎኗ ይሮጣል። አንድ ቦታ ላይ ለቀቃት። ትንሽ ሄደች፣ እግሮቿ ተቆላለፉ፣ በፊቷ ተደፋች።

«እኔን! እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እናቴ ደረቷን እየመታች ጮኸች። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ አያት።

ሳሮን በረዶዋን አራግፋ ስትነሳ ምንም አልሆነችም። ፊቷ ግን በርበሬ መስሏል። «ለምንድነው ሁልጊዜ ስለራሷ የምታወራው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ይህም አልበቃ ብሏት ወደ አያቷ ዞራ፣ ባላት አማርኛ፣ «እማማ፣ እርስዎ አይደለም! እኔ ነው የወደቅኩት!» አለቻት።

እስቲ እናንተ «እኔን» የሚለውን ቃል ለስምንት ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ አስረዱልኝ። ሰው ሲደናቀፍ ሳናስበው ከአፋችን የሚያመልጥ፣ የሰውን ውድቀት ለራሳችን የምንለምንበት ቃል ነው። እኔ ስሞክረው «ሚ» ሆነብኝ። «እሱንማ አውቃለሁ» አለች። እሳቸው ባንቺ ፋንታ መውደቅ ፈልገው ነው ብላት፣ «ግን እኮ አልወደቀችም፤ ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» አለች። ከኋላዋ ሌላ ልጅ ተራ ይጠብቃል። «በቃ፣ ሰው ሲወድቅ ለወደቀው የሚታዘንበት ቃል ነው» ብዬ ዘጋሁት። ራሷን ነቀነቀች። የገባት መሰለኝ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ደህና ነኝ ነው ያለችው።»

«‹እርስዎ አይደለም› ያለችኝስ? አማርኛዬን እኮ አልረሳሁም።»

ከዚያ በኋላ ቆሎዋን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳሮን ሦስት አራቴ ወደቀች። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር እናቴ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ከዚያን ቀን በፊት እናቴ ሰው ወድቆ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

ልንመለስ ስንል መኪና የቆመበት መሬት ሟሙቶ፣ እንደገና ረግቶ፣ መስታወት ሆኗል። ታደሰ ዕቃ ይጭናል፤ እኔ ስኪውን ታቅፌያለሁ። እናቴ አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላው አመለጣት፣ በጎኗ ወደቀች።

ከሁላችን ቀድማ የደረሰችው ሳሮን ናት። ሮጣ ተንበረከከች፣ አያቷ እንዳደረገችው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በጠራ አማርኛ፣ «እርስዎን!» አለች።

ልጄ አስባበታለች። የወደቀችው እማማ ናት፣ ስለዚህ «እኔን» አይሆንም። እማማ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት፣ ስለዚህ «አንቺን» ነውር ነው። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፣ አክብሮቱ አልጎደለም። ትርጉሙ ብቻ ነው «እርስዎን ይድፋዎት» የሆነው።

ታደሰ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቴ እንደወደቀች ልጅቷን ብዙ አየቻት።

«አሜን» አለች። «እኔን ያድርገው።»

ታደሰ መቆጣጠር አቃተው። እሱ ሲስቅ ሳሮን ሳቀች፣ ሳሮን ስትስቅ እናቴም መሬት ላይ እንዳለች ሳቀች። እኔም ስኪውን ጥዬ አጠገባቸው ተዘረጋሁ፤ ሳቅሁም አለቀስሁም። ታደሰ ስልኩን አውጥቶ እዚያው በረዶው ላይ ሦስታችንን አነሳን። ሲቀና እንዲህ ነው እያልኩ፣ ቁልቁል እስክንወርድና ጥዱ በረሃ እስኪሆን ድረስ በልቤ ፋሲካን ከእናቴ ጋር እዚሁ አከበርኩ።

ማታ ከእራት በኋላ ያበጠ እጇን በቅባት እያሸሁላት፣ «ታዲያ ቀረሽልን አይደል?» አልኳት።

«ለፋሲካ እገባለሁ።»

«እማዬ፣ ሮጣ ስትመጣልሽ አላየሽም?»

«አየሁ እንጂ። የምሄደውም ለዚያ ነው በይው። ብትጠላኝ ኖሮ እቆይ ነበር፤ የጠላሽ ልጅ ይታረቅሻል። ይቺ ግን ትወደኛለች። ስትወደኝ ነው ‹እርስዎን› ያለችኝ፣ ስወዳት ነው ‹አሜን› ያልኳት። ከዚህ በላይ እስክንደራረስ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ያለኝን አንቺን ሳሳድግ ጨርሻለሁ።»

አልተቆጣችም። የነገውን ምሳ እንደምትነግረኝ ነው የነገረችኝ።

ለኔ ስትዪ ቅሪ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት የነሱን ቃል ሳመላልስ ኖሬ የራሴን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። «ያመሻል?» አልኳት።

እናቴ ለፋሲካ አገሯ ገባች። ፎቶውን ታደሰ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ነበር፤ በዕድሜው እንደዚያ ተወዶለት አያውቅም። አያት፣ እናት፣ ልጅ፣ በረዶ ላይ ተዘርግተው ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ። አሁንም ገበያ ላይ የሚያገኙኝ የአገር ልጆች፣ «ስታስቀኑ! በሚቀጥለው ዊንተር እኛንም ይዛችሁን ሂዱ» ይሉኛል።

እሺ እላቸዋለሁ።