መተሐራን ያየ ዓይን

ሐበሻ በተሰባሰበበት ከተማ ሁሉ ምንም ነገር የማያስደንቀው አንድ ሰው አይጠፋም። ታላቁን ወደብ ብታሳዩት ኩሬ ነው ይላል፤ ሰማይ ጠቀሱን ሕንፃ ብታሳዩት አንገቱን ቀና ማድረግ ይታክተዋል። ለእኛ ለሮተርዳሞች የደረሱን ጋሽ ሽባባው ናቸው።

ክቡርነታቸው (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም አልተቃወሙም) ተወልደው ያደጉት መተሐራ፣ ሳላና ከርከሮ በሚፈነጭበት አዋሽ ፓርክ አፍንጫ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ያዩትን ነገር ሁሉ የሚመዝኑት በመተሐራ ነው። የማስን ወንዝ በትራም ስናቋርጥ፣ «ይሄም ወንዝ ተባለ! አዞ የሌለው!» ይላሉ። የሆላንድ ዶፍ ልብሳቸውን አበስብሶት ሲገቡ፣ «ይሄም ዝናብ ተባለ!» ሐኪም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ሲነግራቸው እንኳ፣ «ይሄም ግፊት ተባለ!» እንዳሉት ከባለቤታቸው ሰምቻለሁ።

ልጃቸው ዮሃና በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በመጀመሪያ ፈተናዋ ነው ያለፈችው፤ እዚህ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ስንቴ እንደወደቅሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ካርዱን ስታሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «ይሄም ፎቶ ተባለ!» ብለው መለሱላት።

በማግሥቱ የእኔን በር አንኳኳች።

«ፓፓን በረሃ ልወስደው ነው። መኪናህን አውሰኝ፤ አንተም ና» አለችኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታን ድንበር ላይ ጥለው ነው የገቡት። ብራባንት በሚባለው ክፍለ ሀገር አሸዋ የሞላበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ሆላንዶች ሰሃራችን ይሉታል። «አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። በረሃ ይወዳል አይደል? በሚወደው ነው የምይዘው። ያን ቃል ሳይለኝ አንመለስም።»

እየሳቀች ነበር የምትናገረው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ቁልፉን ሰጠኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ክቡርነታቸው የፊተኛውን ወንበር ያዙ። ዮሃና እንዴት አድርጋ ነዳችው መሰላችሁ! አውራ ጎዳናው ላይ ስትገባ፣ ግዙፍ የጭነት መኪና ስትቀድም፣ እኔ ከኋላ ሆኜ «አቤት አነዳድ!» እያልኩ ፍንጭ እሰጣለሁ። እሳቸው በመስኮት ከብት ያያሉ።

«ላም ነው እንዴ ይሄ? ቀንዱስ?»

መኪናውን አቁመን፣ ጥዱን አልፈን ስንወጣ አሸዋው ድንገት ተዘረጋ። ወለል ያለ፣ ነጭ፣ ማዶው የማይታይ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መረመሩት።

«ሳላው የት አለ?»

«ሳላ የለም ፓፓ።»

«ከርከሮስ?»

«ኔይ ፓፓ፣ እሱም የለም።»

በዚህ መሀል ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ አንድ አውሬ ብቅ አለ። ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ አጭር ውሻ ነበር፤ የዝናብ ልብስ ለብሷል። ጋሽ ሽባባው ውሻውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ «ይሄም በረሃ ተባለ!» አሉ።

ይበሉ እንጂ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በባዶ እግራቸው ብቻቸውን ሩቅ ሄደው ተመለሱ። ዮሃና ሮጣ ተቀበለቻቸው፤ «እንዴት ነው?»

«ይቀዘቅዛል።»

ወደ መኪናው ስንመለስ ዮሃና ወደ እኔ ተጠጋች። «በቃ፣ ተወው» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን በግኛለሁ። ሰውዬውን እዚያው ከአጭሩ ውሻ ጋር ጥያቸው ብመጣ ደስ ባለኝ።

የሙርዳይክን ድልድይ እንደተሻገርን የክቡርነታቸው ስልክ ጮኸ። መንገድ እንዲመራን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘነዋል። የደወሉት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ባዩ ናቸው፣ ከመተሐራ። ድምፃቸው መኪናውን ሞላው።

«ጋሼ! እንዴት ነው፣ ልጅቷ በደህና ነዳችህ?»

«ቆይ ባዩ፣ መልሼ ልደውል…» ጋሽ ሽባባው ያልነኩት ቁልፍ የለም፤ ድምፁ ግን ይባስ ከፍ አለ።

«አይ ያቺ ልጅ! ነጮቹ ራሳቸው እየወደቁ እሷ ባንዴ አለፈች ካልከኝ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ‹እንዲህ ያለች ልጅ ከእኔ መውጣቷ ይገርመኛል› ስትለኝማ አብሬህ አለቀስኩ እኮ!»

በመጨረሻ መስመሩ ተቋረጠ። የጋሽ ሽባባውን ዘመን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ልጅን ፊት ለፊት አያመሰግኑም፤ ይበላሻል፣ ዓይን ይበላዋል ይላሉ። ለካስ ሰውዬው በየሳምንቱ እየደወሉ መተሐራን በልጃቸው ዝና ሲያጥለቀልቁ ኖረዋል!

«እውነት እንዲህ ብለሃል?»

«መንገዱን እዪ።»

«ፓፓ!»

«መንገዱን እዪ ብያለሁ።» ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር።

ሮተርዳም መግቢያ፣ ትልቁ ድልድይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆመ። ጋሽ ሽባባው መስኮታቸውን አወረዱና ጎናችን የቆመውን፣ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን ሆላንዳዊ፣ መስኮቱን እንዲከፍት በእጃቸው አዘዙት። ሰውዬው ደንግጦ ከፈተ።

«ማይን ዶኽተር!» ብለው ጮኹ፤ ልጄ ናት ማለታቸው ነው። የቀረውን በአማርኛ ቀጠሉት፣ አንድ ጣታቸውን አንሥተው፦ «ባንድ ፈተና! ባንዴ ነው ያለፈችው!»

ሆላንዳዊው ምን እንደገባው እንጃ፣ አውራ ጣቱን ቀሰረላቸው። እሳቸውም ወደ ዮሃና ዞረው፣ ዓይን እንዳይበላት እንትፍ እንትፍ አሉባትና፣ «ጎበዝ ነሽ። በጣም ጎበዝ ነሽ» አሏት።

ዮሃና ጥሩንባውን ያዘችው። በዚህ አገር ያለ ምክንያት ጥሩንባ መንፋት ነውር ነው፤ እሷ ግን እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ፣ መንገዱ ሲከፈት ድልድዩን በጥሩንባ ጨረሰችው። እኚህን ሽማግሌ ስወዳቸው! ከኋላ ወንበር፣ ወንድ መሆኔን ረስቼ፣ እልል አልኩላቸው።